አያትዎን ኮምፒዩተር «ተወለደ» ሲላቸው

በአንድ እሑድ ከሴት አያትዎ እግር ሥር ተቀምጠው፣ የዘር ሐረግዎን እስከ ሰባት ቤት ድረስ እያስቆጠሩ በደብተር ጻፉ እንበል። ማግሥቱን ያንኑ ዝርዝር ሩትስማጂክ ለሚባለው የቤተ ሰብ ታሪክ ማጠናቀሪያ ፕሮግራም ሰጡት። ስሙን፣ ዘመኑንና አገሩን በየሣጥኑ ሞልተው ሲያዙት ወዲያው ብዙ ገጽ ያለው ታሪክ ያቀርብልዎታል። ታሪኩ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እርስዎም የልደቱን ቃል በአማርኛ «ተወለደ» ብለው ቢተኩት፣ አያትዎ ከነክብራቸው «ተወለደ» ተብለው ቁጭ ይላሉ። ይህን ወስዶ ለእሳቸው የሚያነብ ማን ደፋር ነው?

ኮምፒዩተሩ ደራሲ ስላልሆነ አይፈረድበትም። ለልደት፣ ለጋብቻና ለሞት እያንዳንዳቸው አስቀድሞ የተሰናዳ የዓረፍተ ነገር ቅርጽ አላቸው። በአራት ማዕዘን ቅንፍ የተጻፈው የስም፣ የቀንና የቦታ ምልክት ከመዝገቡ ይሞላል። በሾጣጣ ቅንፍ የታጠረው ሐረግ ደግሞ መረጃ ያልተገኘ እንደ ሆነ በሙሉ ይቀራል፤ ስለዚህ «በ» የምትለው ፊደል ብቻዋን ተንጠልጥላ አትታይም።

ቅርጹ የተሰፋው ግን በእንግሊዝኛ ልክ ነው። በእንግሊዝኛ የልደቱ ግሥ ለወንድም ለሴትም ለትልቅ ሰውም አንድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ወንዱ ተወለደ፣ ሴቲቱ ተወለደች፣ ትልቁ ሰው ተወለዱ ይባላል። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ በዓመቱ ፊት የእንግሊዝኛውን መስተዋድድ ራሱ ስለሚጨምር፣ ዓመቱን ብቻ እንዲሰጥ ማዘዝ ያስፈልጋል።

«ታዲያ በታተመው ላይ ብሰርዝና ብደልዝስ?» ይሉ ይሆናል። ይህ ድካም ነው። በሚቀጥለው ወር ለእኅትዎ ልጅ ሲወለድ ታሪኩን እንደ ገና ያሳትማሉ፤ ያን ጊዜ የሰረዙት ስሕተት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። እርማቱ መግባት ያለበት ከምንጩ ከቅርጹ ላይ ነው። ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የልደትን ቅርጽ ለሁሉም ሰው መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ቃል መጻፍ ነው። ለአያትዎ «ተወለዱ» ብለው ለብቻቸው ይጻፉላቸው፤ ለሕፃኑ «ተወለደ» ይበቃዋል።

ከአክብሮቱ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። አያትዎ «የማይጨው ጦርነት በሆነበት ዓመት ነው የተወለድሁት» ብለው ይሆናል። ጦርነቱ የሆነው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ እርስዎ 1928 ብለው ይሞላሉ። ኮምፒዩተሩም ያለ ጥርጥር «በ1928 ተወለዱ» ይላል። ዓመቱን የአውሮፓ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ አያትዎን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጃቸዋል። የልጅ ልጆችዎ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል። እንግዲያስ የዘመኑን አቆጣጠር ይግለጹ፤ ቅርጹንም «በማይጨው ጦርነት ዓመት፣ በ1928 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተወለዱ ራሳቸው ተናግረዋል» በሚል ይተኩት። ይህ ቃል የሰማነውን ከምናውቀው ይለያል።

ይሁን እንጂ ይህን ምስክርነት በቅርጹ ውስጥ ብቻ አይተዉት። ዘ ማስተር ጂኒያሎጂስት የተባለው ፕሮግራም ዓረፍተ ነገርን እንደ ልብ በማስተካከል የታወቀ ነበር፤ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራው ሲቋረጥ፣ ብዙ ሰዎች መዝገባቸውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማዛወር ግድ ሆነባቸው። መዝገብን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሸጋግረው ጌድኮም የተባለው ደንብ፣ በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ ስምን፣ ቀንን፣ ቦታንና ማስታወሻን ይይዛል፤ ለዓረፍተ ነገር ቅርጽ ግን የመደበው ቦታ የለም። ስለዚህ አያትዎ ያሉትን ቃል በማስታወሻው ሣጥን ውስጥም ይጻፉት።

በመጨረሻ የታተመውን ይዘው ወደ አያትዎ ይመለሱና ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም፣ ልጄ» ያሉበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ማታውኑ ቅርጹን ያርሙ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ከእሳቸው የተሻለ አራሚ አያገኙም።