የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች «ፉትቦል» የኛ እግር ኳስ አይደለም

«እኛ ሞያሌ ተቀምጠን የካናዳ ኳስ ምን ያደርግልናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሰሞኑን አንድ ደላላ «የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ የፉትቦል ተጫዋች በነፃ ይወስዳሉ፣ እናንተ የፎርሙን ብቻ ክፈሉ» እያለ ልጆችን ያነጋግራል። ከማስተምራቸው ሁለቱ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ስሙ አያሳስታችሁ። ካናዳ ውስጥ የኛ እግር ኳስ «ሶከር» ነው የሚባለው። የነሱ ፉትቦል ሌላ ጨዋታ ነው። ኳሱ ሞላላ ሆኖ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነው፤ በእጅ ይወረወራል፣ ታቅፈውት ይሮጣሉ። ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል ስለሚፈቀድ ተጫዋቾቹ ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ያደርጋሉ። በአንድ ቡድን 12 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ወደፊት ለመግፋት ሦስት ዕድል አለው። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያለፈ 6 ነጥብ፣ መትቶ በቋሚዎቹ መሀል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል።

ውድድሩ አጭር ነው። 27 ዩኒቨርሲቲዎች በአራት ምድብ ተከፍለው ይጫወታሉ፤ እነሱም ምዕራብ፣ ኦንታሪዮ፣ ኩቤክና አትላንቲክ ናቸው። ኦገስት መጨረሻ አካባቢ ይጀመርና አንድ ቡድን 8 ያህል መደበኛ ጨዋታ ያደርጋል። ከዚያ ጥሎ ማለፍ ይመጣል። አራቱ የምድብ አሸናፊዎች በግማሽ ፍጻሜ ይገናኛሉ፤ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የቫኒየር ዋንጫ ፍጻሜ ይደረጋል። የመጀመሪያው የቫኒየር ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲካሄድ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አልበርታን 14 ለ 7 አሸነፈ። ብዙ ጊዜ ዋንጫውን ያነሳው የኩቤኩ ላቫል ነው። በ2024 ሎሪየርን 22 ለ 17 ሲረታ 12ኛ ዋንጫው ሆነ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ለተጫዋች የሚሰጥ ድጋፍ አለ ወይ? አዎ፣ አለ። ግን በአብዛኛው የሚሸፍነው የትምህርት ክፍያን ነው፤ ተማሪውም መጀመሪያ በትምህርት ውጤቱ ዩኒቨርሲቲው ሊቀበለው ይገባል። አሰልጣኞቹ የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ጨዋታ ከልጅነቱ የተጫወተውን ነው። ኪንሻሳ የተወለደው ሄኖክ ሙዋምባ እ.ኤ.አ. በ2011 በፕሮፌሽናል ሊጉ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተመርጧል። እሱ ግን ካናዳ ያደገና በሴንት ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ልጅ ነው። ሞያሌ ሜዳ ላይ ጎል ያገባ አጥቂ ቪዲዮውን ስለላከ በዚህ መንገድ አይሄድም።

ለስደተኛ ተማሪ የተከፈተው በር ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዉስክ» የሚባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ይወስዳል። ከኬንያም ከዳዳብና ከካኩማ ብዙ ወጣቶች በዚህ ሄደዋል። ተማሪው ካናዳ ሲገባ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ወጪም ይሸፈንለታል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብትሉ፣ በብዙ ካምፓሶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ከክፍያቸው ጋር ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ምን ልበላችሁ፣ ስደተኛውን የሚያስገባው የተጫዋቹ እግር ሳይሆን ስታዲየም ተቀምጦ የሚጮኸው ተማሪ የሚያዋጣው ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ለዕድሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አትክፈሉ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ ነፃ ነው። ስለ ስኮላርሺፕ የሰማችሁትን ሁሉ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ትምህርት ቤታችሁን ወይም የዩኤንኤችሲአርን ቢሮ ጠይቁ። የስደተኛ ምዝገባ ወረቀታችሁንና የፈተና ውጤታችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ።

ካናዳ ውስጥ የቫኒየር ዋንጫ በሚደረግበት በኖቬምበር እዚህ የኛ ፎርም ፎር ተማሪዎች የኬንያን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ይፈተናሉ። ኳሱን ማታ ማታ ተጫወቱ፣ ጤና ነው። ቀን ቀን ግን ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ያዙ።