የኪስ ሽጉጥ
የኪስ ሽጉጥ በኪስ ወይም በትንሽ ቦርሳ ተደብቆ ሊያዝ የሚችል፣ አፈሙዙ አጭር የሆነ ሽጉጥ ነው። ከታወቁት ቀደምት ሞዴሎች አንዱ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ለቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የነደፈው የ1906 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲሆን፣ የሚተኩሰው 6.35 ሚሊሜትር (ካሊበር .25) ጥይት ነው።

የካሊበር ምርጫ

ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት ካሊበር .22 እና ካሊበር .25 ናቸው። ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮሱ ኃይላቸው ይቀራረባል። ዋናው ልዩነት በአቀጣጠላቸው ላይ ነው። በ.22 ጥይት ማቀጣጠያው ቅመም የሚገኘው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ ቅመሙ ጠርዙን በእኩል ካላዳረሰ ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል። በ.25 ጥይት ግን ቅመሙ ከቀለሁ ግርጌ መሃል በተቀመጠ ትንሽ ቆብ ውስጥ ስለሆነ መክሸፉ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የ.22 ጥይት ርካሽ በመሆኑ ለልምምድ ይመቻል።

7.65 ሚሊሜትር (.32) እና 9 ሚሊሜትር አጭር (.380) ጥይቶች የበለጠ ኃይል አላቸው፤ ሆኖም በተመሳሳይ ክብደት ባለው ሽጉጥ ርግጫቸው ይጨምራል።

ጥንቃቄ

ትንሽ ካሊበር ማለት ጉዳት የማያደርስ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ሊገድሉ ይችላሉ። በኪስ የሚያዝ ሽጉጥ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ ምላጩን የሚሸፍን ማኅደር ያስፈልገዋል።