«የሚወርደው ወርዷል»፦ ስለ ናዳ የሚባለውና እውነቱ

«ናዳ የገደል አገር ጣጣ ነው» ሲባል መርካቶ ውስጥ ስሰማ ያሳዝነኛል። እዚያው ምናለሽ ተራ ከሚደርሰው አሮጌ ብረትና ፕላስቲክ ከፊሉን የለቀሙት ቆሼ በሚባለው የአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የገበያው ቆሻሻም ለአሥርት ዓመታት ወደዚያው ሲጫን ኖሯል። ያ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ተደርምሶ ከግርጌው የነበሩትን ጎጆዎች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ወሩን ልብ በሉ፤ ክረምት አልነበረም። ናዳ ያለ ዝናብ አይመጣም የሚለው እምነትም እዚህ ላይ ይወድቃል። ተዳፋትን ይዞ የሚያቆየው በውስጡ ያለው ሰበቃ ነው። ላዩ ላይ ሲቆለልበት ወይም ግርጌው ሲቆፈር በበጋም ሊሄድ ይችላል። ዝናብ ደግሞ ክብደት ይጨምራል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎም ያላቅቃቸዋል።

ከሁሉ የከፋው እምነት «የሚወርደው ወርዷል» የሚለው ነው። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጀመሪያው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ሕዝቡ ጎረቤቶቹን ሊያወጣ ሲቆፍር ሁለተኛው መጣ። በአጠቃላይ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ለእርዳታ የሮጡ ነበሩ።

ለወገኑ የሮጠን ሰው ማን ይወቅሳል? ግን ይህን ማወቅ ነበረበት፤ የሚነግረውም ሊኖር ይገባ ነበር፦ ተራራው አንዴ ሲናድ ከላይ የቀረው አፈር ደጋፊውን ያጣል፤ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ የተሰነጠቀና ውሃ የጠጣ ሆኖ ይቆያል። በበረዶ አገርም የበረዶ ናዳ ሲወርድ የነፍስ አድን ሠራተኞች የተቀበረ ሰው ፍለጋ ከመግባታቸው በፊት ከላይ ሊወርድ የሚችል በረዶ መቅረቱን ያያሉ። በእኛም አገር መቆፈር ግድ ከሆነ ጥቂት ሰው ይግባ። አንዱ አደጋው በማይደርስበት ቦታ ቆሞ ዓይኑን ከተዳፋቱ ሳይነቅል ይጠብቅ፤ መሸሻውም አስቀድሞ ይታወቅ።

ዛፍስ? ሥሩ የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ጥልቅ ናዳ ግን ዛፉንም ይዞት ይወርዳል።

መሬቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ። ይህን ያየ ሰው ጎረቤቱን ቀስቅሶ ይውጣ። ሲወጣም ቁልቁል አይሩጥ፤ ከናዳው መንገድ ወደ ጎን ይሽሽ።