ኦክስጅን ካንሰርን ያፋፋል?

በጨረር ሕክምና ፊኛው ተጎድቶ ደም የሚሸና ታካሚ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ወደሚተነፈስበት ክፍል ሲላክ፣ «ኦክስጅኑ ካንሰሬን ቢቀሰቅስብኝስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስጋቱ መሠረት የለውም አይባልም፦ ሕክምናው በተጎዳ ሥጋ ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል፤ ዕጢም የሚያድገው በደም ሥር ነው።

እስካሁን የተከማቸው ማስረጃ ግን ዕጢን እንደሚያሳድግ አያሳይም። እንዲያውም ጨረርን ይበልጥ የሚቋቋመው ኦክስጅን ያጠረው ዕጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የለንደን ሐኪሞች ታካሚዎችን በግፊት ኦክስጅን ውስጥ አስተኝተው ጨረር የሰጡት ለዚሁ ነበር። በ2019 የታተመው የኖርዲክ አገሮች ጥናት፣ ሪች-አርት፣ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ክፍሉ የገቡ ሰዎች የፊኛ ሕመማቸው እንደቀለለ አሳይቷል።

ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብሊዮማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ሰው ሳንባው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ሰው፣ ያ ሳይታከም ጨርሶ አይገባም። የጆሮ ሕመም የተለመደ ነው፤ እይታም ለጊዜው ሊደበዝዝ ይችላል።

እሳት ብርቅ ቢሆንም ምሕረት የለውም፤ በጥር 2025 ሚሺጋን ውስጥ የ5 ዓመት ሕፃን በእንዲህ ያለ ክፍል ፍንዳታ ሞቷል። የጥጥ ልብስ ተለብሶ፣ ስልክና ቅባት ውጭ የሚቀረው ለዚህ ነው።

በዚህ ሕክምና ካንሰሩን ራሱን እንፈውሳለን የሚሉ ማዕከላት ቢኖሩም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ለዚያ ዓላማ አልፈቀደውም።