ከእንሰት ጥላ እስከ ዓባያ ዳርቻ፦ የአንድ ሌሊት የእግር ጉዞ ፊዚክስ

አገራችን ዛሬ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ወደ ሩቅ ዳርቻ ለመውረድና አድሮ ለመመለስ ለሚሻ ወጣት ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹን አቅርቦለታል። ከዲላ በስተምዕራብ የሚገኘው የዓባያ ሐይቅ አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ በጉዞው ላይ የምናገኛቸውን የተፈጥሮ ሕግጋት በአጭሩ እንመለከታለን።

የሸክም ሒሳብ

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1570 ሜትር ገደማ፣ ዓባያ ደግሞ 1175 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ቁልቁለቱ ቢቀልም ዕዳው የሚከፈለው በመልሱ ነው። 15 ኪሎ ግራም ሸክም 400 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 59 ኪሎጁል ያህል ኢነርጂ ያስፈልጋል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ተጓዥ የራሱን ክብደት ሲጨምርበት ድምሩ 333 ኪሎጁል ይደርሳል። ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዳገቱ ብቻ 320 ኪሎካሎሪ ገደማ ይወጣል። በሶና ቆሎ የመንገደኛ ስንቅ የሆኑት ክብደታቸው አነስተኛ፣ ኢነርጂያቸው ግን ብዙ በመሆኑ ነው።

ሌሊቱና ነፋሱ

ውሃ ለመሞቅም ሆነ ለመቀዝቀዝ ከየብስ ይልቅ ይዘገያል። ስለሆነም ቀን የብሱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ መንፈስ ይቀናዋል። እሳት የሚያነድ ሰው ድንኳኑን ሲተክል ይህን ቢያስብ ከጭስ ይድናል። ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄም አለ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ አዞም በዳርቻው ያደባል። ስለዚህ ማደሪያው ከውሃው የራቀና ከጉማሬ ዱካ ውጭ ይሁን። የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ መያዝና የወባ መከላከያ አጎበር አለመርሳት ግድ ነው።

ውሃው ለምን ቀላ?

የዓባያን ውሃ ያቀላው በውስጡ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ዲያሜትሩ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመስጠም ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መቶ እጥፍ የሚያንሰው የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ከአሥር ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ የመስጠሚያው ፍጥነት የሚቀንሰው በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ነውና። እርሱም ሳይሰጥም ነፋስ መልሶ ያማስለዋል።

ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ከዲላ ይዞ መውረድ ይመረጣል። ማፍላት ተዋስያንን ይገድላል እንጂ የሟሙ ጨዎችን አያስወግድም። ውሃ በሐይቁ ዳርቻ በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጉት የቡሌ ከፍታዎች ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በደጋው ለሦስት ደቂቃ ያህል ማፍላት ይገባል።

ከጉዞው የምንማረው

ያ ቀይ አፈር በጊዳቦና በገላና ዓይነት ወንዞች ከየተዳፋቱ ታጥቦ የወረደ ነው። ታጥቦ የሄደ አፈር ወደ ማሳው አይመለስም። የጌዴኦ ገበሬ በቁልቁለት ምድር ላይ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን ደራርቦ ሲያለማ፣ ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ኢነርጂ ይቀበላል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዛፉ ተቆርጦ እንሰቱ ሲነቀል የሚጎዳው ባለማሳው ብቻ አይደለም፤ ሐይቁም አብሮ ይደፈርሳል። እንግዲህ ወደ ዓባያ የምትወርዱ ተማሪዎች ሆይ፣ በመንገዳችሁ ከእንሰቱ ሥር የሚፈሰውንና ከተራቆተው መሬት የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀድታችሁ አነጻጽሩ። ልዩነቱን ዓይናችሁ ይፈርዳል።