እሳትን የሚያዘገይ እንጨት
እሳትን እንዲያዘገይ የታከመ እንጨት የሚባለው፣ በዝግ የብረት ታንከር ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የፎስፌት ወይም የቦሮን ውህዶች የሟሙበትን ውሃ እንዲመጥ የተደረገ ጣውላ ነው። እንጨቱ ሲግል ውህዶቹ ተቀጣጣይ ጋዝ በብዛት እንዳይወጣ አድርገው ላዩን ቶሎ ወደ ከሰልነት ስለሚለውጡት፣ ይህ ጥቁር ቅርፊት የውስጡን ክፍል ከሙቀት ይከላከላል፤ ሆኖም የነበልባሉን መዛመት ያዘገያል እንጂ እንጨቱ ፈጽሞ አይቃጠልም ማለት አይደለም። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ መሠረት ናሙናው ለ30 ደቂቃ በነበልባል ይፈተናል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቃዊ አሜሪካ በቤት ጣሪያ ላይ የተነጠፈ የታከመ ኮምፔርሳቶ በፀሐይ ሙቀት ሳቢያ ኬሚካሉ አሲድ እየፈጠረ አጥቁሮትና አድክሞት በመገኘቱ፣ ቅመማው ተሻሽሎ የጥንካሬ ቅናሹ በመሐንዲሱ ስሌት እንዲገባ ተደርጓል። ዝናብ የሚያገኘው የሕንፃ ክፍል ደግሞ ኬሚካሉ በውሃ የማይታጠብበትን ዓይነት ይፈልጋል።