የሰማዩ መጋረጃ



በየቤታችሁ የሚገኘው የምግብ ማቀዝቀዣ ከሰማይ ጋራ ምን የሚያገናኘው ነገር አለ ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ኦዞን የተባለው ጋዝ በብዛት ይገኛል። ይህ ጋዝ ከፀሐይ የሚወጣውን ጐጂ የአልትራቫዮሌት ጨረር ይጋርድልናል። ጨረሩ ያለ ከልካይ ቢወርድ የቆዳ ነቀርሳንና የዓይን ሞራን ያበዛል፤ አዝመራንም ይጐዳል።

ሲ.ኤፍ.ሲ. የሚባሉት የማቀዝቀዣ ጋዞች የማይቃጠሉና የማይመርዙ በመሆናቸው ለብዙ ዘመን ተመስግነው ነበር። ነገር ግን ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የተባሉት ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 እንዳስረዱት፥ ጋዞቹ ሳይፈርሱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በዚያም ጨረሩ ሲሰባብራቸው ክሎሪን ይለቃሉ፤ አንዲቱ የክሎሪን አቶም ብዙ ሺህ የኦዞን ሞለኪዩሎችን ታጠፋለች።

ባለፋብሪካዎች ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1985 ግን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ በመስከረምና በጥቅምት ኦዞን እጅግ እንደሚሳሳ በመሣሪያ ለክተው አስታወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በኋላም የዓለም መንግሥታት ሁሉ ተቀበሉት። ሁለቱ ሊቃውንትም ከፓውል ክሩትሰን ጋራ በ1995 የኖቤልን ሽልማት አገኙ።

እነሆ ዛሬ መጋረጃው በመጠገን ላይ ይገኛል። ሆኖም የተለቀቀው ጋዝ በአየር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቈይ፥ የአንታርክቲካው ቀዳዳ የሚደፈነው በ2066 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ስለዚህ አሮጌ ማቀዝቀዣ የምትጥሉ ሁሉ፥ ጋዙን ለባለሙያ አስወጡ እንጂ ወደ አየር አትልቀቁ። ከእጃችን የወጣው ወደ ልጆቻችን ይደርሳልና።